ለአጭር ዕረፍት የትኛውን ውኃ ዳር እንምረጥ?



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዕረፍት ነው። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ንጽሕና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ስለ ዕረፍት ግን አንድም ቀን አላወራንም። «ዕረፍት የከተማ ሰው ነገር ነው፤ ገበሬ ደግሞ ምን ዕረፍት አለው!» የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋም። እኔ በዕድሜ ልጃችሁ ነኝ። ስለ እርሻ እናንተ ታስተምሩኛላችሁ እንጂ እኔ አላስተምራችሁም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለማዘዝ አይደለም። አብረን እንድናስብና አብረን እንድናሰላ ነው።

የንግግሬ ሐሳብ አንድ ነው። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰውም ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ዳር ሄዶ ማረፍ ይችላል። ነገር ግን በእውነት የሚያርፈው ከመነሳቱ በፊት በደብተሩ ላይ ያሰላ እንደ ሆነ ነው። ሳያሰላ የሄደ ሰው ወይ ዕዳ ይዞ ይመለሳል፤ ወይ በሽታ ይዞ ይመለሳል። ይህ ደግሞ ዕረፍት አይባልም።

ማን ነው ያላረፈው?

እስቲ የበዓሉን ቀን እንመልከት። በ12 ሚካኤል ነው፤ በ21 ማርያም ነው፤ በ23 ጊዮርጊስ ነው። እሑድም አለ። በእነዚህ ቀኖች ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል። በሬውም ያርፋል፤ አራሹም ያርፋል። ማጀት ግን አይዘጋም። በበዓል ቀን እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ሕፃን ይታጠባል። እንዲያውም እንግዳ ስለሚመጣ የማጀቱ ሥራ ከሌላው ቀን ይብሳል። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በሬው አርፎ እናቲቱ ካላረፈች፣ ቤቱ አርፏል ማለት እንችላለን? አንችልም።

ሰው ከቤቱ ጥቂት ራቅ ሲል ነው ሥራው የሚለቀው። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ሰው ዓይኑ አጥሩ ላይ ነው። የተነቀለ ካስማ ያያል፤ ተነሥቶ ይተክላል። እናት ደግሞ ጋኑን ታያለች፤ ውኃው ጎድሏል፤ እንስራዋን ታዝላለች። ውኃ ዳር ሄዶ ሁለት ሌሊት ማደር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እዚያ አጥር የለም፤ ጋንም የለም። ሰውነት ይላላል። ባልና ሚስት ያለ ጥድፊያ ይጫወታሉ። ልጆችም አባታቸው ሲስቅ ያያሉ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው ትሉ ይሆናል። ግን አይደለም። ለንግሥ ስንት ቀን ተጉዛችሁ የለም እንዴ? ለስለት ቁልቢ ገብርኤል የሄደ፣ ላሊበላ ተሳልሞ የመጣ ሰው በየመንደሩ አለ። ስንቅ መቋጠር፣ ማደሪያ መጠየቅ፣ ተጓዥ ማሰባሰብ ታውቁበታላችሁ። አዲሱ ነገር በደብተር መጻፉ ብቻ ነው።

ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ሐይቁ ቅርብ ነው

ብዙ አገሮች የባሕር ጠረፍ አላቸው። ሕዝባቸው ለዕረፍት ወደ ጨው ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ኢትዮጵያም በቀይ ባሕር በኩል ጠረፍ ነበራት። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ምጽዋና አሰብ የእርሷ ወደቦች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም።

ነገር ግን አባቶቻችን ሐይቁንም «ባሕር» ብለው ይጠሩታል። በጣና ዳር ያለችው ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ እኛ ለዕረፍት ውኃ ዳር ስንል ሐይቅ ዳር ማለታችን ነው። ሐይቅ ደግሞ በአገራችን በብዙ ቦታ አለ። ሰው የሚቸገረው ከእነዚህ አንዱን መምረጡ ላይ ነው።

ለመምረጥ አራት ጥያቄዎችን በደብተራችሁ ጻፉ።

1ኛ/ ከቤቴ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?
2ኛ/ ከአውቶቡስ ከወረድሁ በኋላ ወደ ውኃው ለመድረስ ሌላ ገንዘብ እከፍላለሁ ወይ?
3ኛ/ በልኬ የሚሆን አልጋና ምግብ በአጠገቡ አለ ወይ?
4ኛ/ በውኃው ውስጥና በዳርቻው ምን አደጋ አለ?

አሁን በእነዚህ ጥያቄዎች ጥቂት ሐይቆችን እንመዝን።

ጣና፦ በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከዚህ ይወጣል። ለጎጃምና ለጎንደር ሰው ቅርብ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዳር ከተማ ራሷ በሐይቁ ዳር ስለሆነች በእግር መድረስ ይቻላል፤ ካልሆነም ባጃጅ አለ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውኃ ማየት ብዙ ወጪ የለውም። ወጪው ያለው ጀልባ ላይ ነው። በደሴቶቹና በዘጌ ያሉትን ገዳማት ለመሳለም የሚፈልግ ሰው ከሌሎች ጋር ተባብሮ አንድ ጀልባ ቢይዝ ዋጋው ለየሰዉ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም ይገባል። ሚስቱን ይዞ የሄደ ሰው ይህን ካልጠየቀ፣ ገንዘብ ከፍሎ ሚስቱን ጀልባ ላይ ጥሎ ይገባል ማለት ነው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት የሚያስብም ይስማ። በበጋ ውኃው በጣም ያንሳል፤ ከፊሉም ወደ መብራት ኃይል ማመንጫው ይሄዳል። ፏፏቴው የሚያምረው በክረምት መውጫ ነው።

ሐዋሳ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሲዳማ፣ ለአርሲና ለወላይታ ሰው ይቀርባል። እዚህም ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ናቸው። የውኃው ዳር መሄጃ መንገድ አለው፤ ሕዝብ ሲመሽ ይንሸራሸርበታል። አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ዓሣ አጥማጆች ጠዋት ጠዋት ጀልባቸውን ያስጠጋሉ። ዓሣው እዚያው ይጠበሳል፤ ሾርባውም እዚያው ይፈላል። ቁመተ ረጃጅሞቹ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ ለመለቃቀም በሰው መካከል ሲንጎራደዱ ማየት ለልጆች ትልቅ ጨዋታ ነው።

ላንጋኖ፦ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃው ቡናማ ነው። ሲያዩት የቆሸሸ ይመስላል፤ ግን መልኩ ነው። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ብዙ ሰው ለመዋኘት ይመርጠዋል። ነገር ግን ሐይቁ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው። በዳሩም ከተማ የለም። አብዛኛው ማደሪያ ለመዝናናት የተሠራ ሆቴል ነው። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ለመግባት ሌላ ማጓጓዣ ያስፈልጋል። መግቢያ የሚያስከፍልም አለ። ውኃው ደህና ነው፤ ኪስ ግን ይጎዳል።

ደንበል፦ ዝዋይ የምንለው ነው። የባቱ ከተማ በዳሩ አለች፤ ዋናው መንገድም በከተማዋ መካከል ያልፋል። ስለዚህ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ውኃው ለመድረስ ቀላል ነው። ዓሣውም ብዙ ነው። ጉማሬ ግን አለበት።

ቢሾፍቱ፦ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዙሪያዋ ብዙ ሐይቆች አሉ። የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ሆራ አርሰዲም እዚሁ ነው። ለሸዋ ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ይመቻል። ነገር ግን እነዚህ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ከዳሩ ጥቂት እንደ ተገባ ወዲያውኑ ይጠልቃሉ። ዋና የማያውቅ ሰው እግሩን እንኳ ሲያስገባ መጠንቀቅ አለበት።

የወሎ ሰው ደግሞ ሩቅ አይሂድ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ የሐይቅ ከተማንና የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያገኛል። ውኃው እዚያው ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ስም ያለው ውኃ ሁሉ ለእኛ አይሆንም። ሁለት ነገር ያሟላ ውኃ ይሻለናል። አንደኛ፣ በግማሽ ቀን የምንደርስበት። ሁለተኛ፣ ከተማ በዳሩ ያለበት። ከተማ ባለበት አልጋ በየዓይነቱ አለ፤ ምግብም በየዋጋው አለ፤ ጤና ጣቢያም አይጠፋም።

ሂሳቡን እንሥራ

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። የምጠራው ቁጥር ለመለማመጃ ነው። ዋጋ ከቦታ ቦታና ከወር ወር ይለያያል። እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ጠይቃችሁ የራሳችሁን ቁጥር ትጽፋላችሁ።

አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ናቸው። በሳምንት 100 ብር ለማስቀመጥ ተስማሙ። ዓመት 52 ሳምንት አለው። ከዚህ ውስጥ 10 ሳምንት ክረምቱና የእህል ማለቂያው ጊዜ ስለሆነ ምንም አያስቀምጡም። የቀረው 42 ሳምንት ነው። 42 ጊዜ 100፣ 4,200 ብር ይሆናል። ይህን በእቁብ ቢያደርጉት የበለጠ ይጠነክራል፤ ሰው በእጁ ያለውን ያጠፋል፤ የእቁብ ገንዘብ ግን ይፈራል።

ይህን ገንዘብ እንዲህ ይከፋፍሉታል።

መሄጃ፦ 900 ብር
መመለሻ፦ 900 ብር
አልጋ፣ ሁለት ሌሊት፦ 1,000 ብር
ምግብና ሻይ፣ ሦስት ቀን፦ 750 ብር
ባጃጅና ልዩ ልዩ፦ 200 ብር
መጠባበቂያ፦ 450 ብር
ድምር፦ 4,200 ብር

እዚህ ላይ ሁለት መስመሮችን አስምሩባቸው። አንዱ መመለሻው ነው። የመመለሻው ገንዘብ ከቤት ሲወጣ በእናቲቱ መቀነት ይታሰር። እስከ መጨረሻው ቀን አይፈታ። ሌላው መጠባበቂያው ነው። ልጅ ቢታመም፣ መኪና ቢበላሽና አንድ ሌሊት ቢጨመር ያ ገንዘብ ያድናል። ካልተነካ ደግሞ ወደ ቤት ይመለሳል።

አሁን ይኸው ቤተሰብ ቅርቡን ትቶ ስሙን የሰማውን ሩቅ ሐይቅ መረጠ እንበል። መሄጃው 1,400፣ መመለሻውም 1,400 ብር ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ 2,800 ነው። ከ4,200 ላይ 2,800 ሲቀነስ 1,400 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለአልጋ 1,000 ብር ከተከፈለ 400 ይቀራል። አራት ሰው ሦስት ቀን በ400 ብር ምን ይበላል? መጠባበቂያስ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ አንዱ ቀን በመሄድ፣ አንዱ ቀን በመመለስ ያልቃል። ገንዘቡንም ቀኑንም መንገድ በላው ማለት ነው።

ሂሳቡ «አይበቃም» ካለ አይበቃም። በአራጣ ተበድሮ ዕረፍት የለም። የዘር እህል ሸጦ ዕረፍት የለም። የልጅ ደብተር ሳይገዛ፣ የቆየ ዕዳ ሳይከፈል የሚሄድ ሰውም ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የሚያስበው ዕዳውን ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ መንገድ አለ። በአቅራቢያ ወዳለ ወንዝ ወይም ምንጭ ስንቅ ይዞ በጠዋት መሄድ፣ ማታ መመለስ ነው። አንድ ቀንም ቢሆን፣ ማጀቱ ከተዘጋ ዕረፍት ነው።

መቼ እንሂድ?

ገበሬ ቀኑን የሚመርጠው በሥራው ነው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው እጁ የሚፈታው። ብዙ ቦታ ይህ ጥር ነው። የጥምቀት ሰሞን ግን መንገዱ ይጨናነቃል፤ አልጋውም ይወደዳል። በዓሉን ለማየት ካልሆነ በስተቀር ከጥር አጋማሽ በኋላ ያሉት ቀኖች ይሻላሉ።

ሌላም ምክንያት አለ። ወባ በብዙ ቦታ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ዝናቡ ሲያቆም ውኃ በየጉድጓዱ ያቁራል፤ ትንኟም በዚያ ትራባለች። ጥርና የካቲት ደረቅ ስለሆኑ ወባው ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅም ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በልዩ ልዩ ቦታ ጦርነትና ግጭት ብዙ ተጓዥ አንገላቷል። ከዚያ አካባቢ በቅርቡ የመጣ ሰው ጠይቁ። ዘመድ ካለ ስልክ ደውሉ። መንገዱ ደህና ካልሆነ ጉዞው ይቆይ። ሐይቁ የትም አይሄድም።

አልጋና ምግብ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በምሽት ደርሶ አልጋ የሚፈልግ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል። ስለዚህ በቀን ድረሱ። ሐይቁ አፍ ላይ ያለ አልጋ ውድ ነው። አንድ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብትሉ ይረክሳል። ከመክፈል በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ዋጋው በአልጋ ነው ወይስ በሰው? ልጆችን ከእኛ ጋር ማስተኛት ይቻላል? አጎበር አለው? የሚጠጣና የመታጠቢያ ውኃ አለ? ፍራሹንም ገለጥ አድርጋችሁ ትኋን እንዳለበት እዩ። ማየት ነውር አይደለም፤ ገንዘባችሁ ነው።

በዘመድ ቤት ማደርም አለ። ይህ ደህና ነው፤ ግን ባዶ እጅ አይኬድም። ከደጋ የሚሄድ ጥቂት ጤፍ ወይም ባቄላ ቢይዝ አስተናጋጁ አይከብደውም። አንድ ነገር ግን አስቡ። እናቲቱ በዘመድ ቤት ማጀት ገብታ ስትጋግር ከሰነበተች ዕረፍቱ የት አለ?

ስለ ምግብ እንዲህ እናድርግ። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይያዝ። ይህ የጠዋቱንና የመንገዱን ይሸፍናል። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ትኩስ ምግብ ይገዛ። ሐይቅ ዳር ርካሽና ጥሩ ምግብ ዓሣ ነው። ቆሮሶ የሚባለው አጥንቱ ቢኖርም ሥጋው ይጣፍጣል። አምባዛ ደግሞ ሥጋው ወፍራም ነው። የተጠበሰውን ወይም የተቀቀለውን ብሉ። ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ታያላችሁ፤ እናንተ ግን ተዉት፤ ጥገኛ ትል ሊያስይዝ ይችላል። የሐይቅ ውኃም ሳይፈላ አይጠጣ።

አንድ ደንብ ደግሞ ልጨምር። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ምጣድ አይጣድም። ሚስት ለባሏ እሳት አታነድም። ዳቦ ቆሎውን ባል ያድለው፤ ሻይ ባል ይዘዝ፤ ልጁን ባል ያጥበው። ይህ ካልሆነ ሥራው ቦታ ቀየረ እንጂ አላረፈም።

ውኃውን እንወቀው

አሁን የምለውን በጥሞና ስሙኝ። ከዕረፍት በሽታ ይዞ መመለስ አለ።

አንደኛው ቢልሃርዚያ ነው። በጣና፣ በሐዋሳና በደንበል ተገኝቷል። አካሄዱ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሐይቅ ዳር ይጸዳዳል። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይፈለፈልና በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ይዋኛል። በዓይን አይታይም። ሰው ሲታጠብ ወይም ሲዋኝ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከጊዜ በኋላ ሆድ ይቆርጣል፤ ተቅማጥና ደም ያመጣል፤ ጉበትንም ይጎዳል። ስለዚህ በእነዚህ ሐይቆች ማየት እንጂ መዘፈቅ አይሻልም። በተለይ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳር ልጆች አይግቡ። የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለው። እኛም በበኩላችን ሐይቅ ዳር አንጸዳዳ። ሽንት ቤት ፈልገን እንጠቀም። በሽታው የሚኖረው በእኛ ነው።

ሁለተኛው ወባ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ነው። ወባ በዚህ ከፍታ አለ። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የደጋ ሰው ሰውነቱ ወባን አይለምድም፤ ሲይዘው ይጠናበታል። ትንኟ የምትነክሰው በማታና በሌሊት ነው። ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፤ በአጎበር ውስጥ ተኙ። አጎበር ካላችሁ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላም ሆነ ከወር በኋላ ትኩሳት ቢነሣ «ምች ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ቆላ ወርጄ፣ ሐይቅ ዳር አድሬ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች።

ሦስተኛው ውኃው ራሱና አውሬው ነው። በጣና፣ በሐዋሳና በደንበል ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ከውኃ ይወጣል። በመመለሻ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሰው ይገድላል። ከጨለመ በኋላ ከተማ ወዳልሆነው ዳር አትሂዱ። አርባ ምንጭ አጠገብ ባሉት በዓባያና በጫሞ ደግሞ አዞ አለ፤ እግር እንኳ አይነከርም። ጀልባ የሚሳፈር ሰው በጠዋት ይሳፈር። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበልም ይበረታል። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ የሌለው ጀልባና ከልኩ በላይ ሰው የጫነ ጀልባ አይሳፈሩበትም። የከፈሉት ገንዘብ ቢቀር ይቅር።

ከብቱን ማን ይጠብቅ?

«ሁሉም ይሁን፤ ከብቴን ለማን ጥዬ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ብዙውን ገበሬ የሚያስቀረው ይህ ነው። መልሱ ግን ከእናንተው ዘንድ አለ። ወንፈል ታውቁ የለም እንዴ? ዛሬ ለእኔ ታርሳላችሁ፤ ነገ እኔ ለእናንተ አርሳለሁ። ዕረፍትንም በወንፈል እናድርገው። ሦስት ጎረቤት ይስማማ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ቤተሰብ ይሂድ፤ ሁለቱ ከብቱን ያግዱለት፤ ላሙን ይለቡለት፤ ቤቱን ይጠብቁለት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ይሂድ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛው። አንድም ብር አይወጣበትም።

ቀድሞ የሄደው ሲመለስ ደግሞ የዋጋውን ዝርዝር በደብተሩ ጽፎ ያምጣ። አልጋው ስንት ነበር? ዓሣው ስንት ነበር? ባጃጁ ስንት ጠየቀ፣ በስንት ተስማማ? ሁለተኛው ቤተሰብ ይህን አንብቦ ይነሣል። እንዳይታለልም ይረዳዋል። ደብተር ያልያዘ ሰው የነገሩትን ያህል ብቻ ያውቃል። የያዘ ሰው ግን የጎረቤቱንም ዕውቀት ይጠቀማል።

ወገኖቼ፤

ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብና ስማችንን ለመፈረም ብቻ አይደለም። ኑሯችንን ለማቅናት ነው። የቤታችን ኑሮ ደግሞ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ዕረፍትም አለበት። ማታ እቤታችሁ ስትገቡ ባልና ሚስት ደብተሩን መካከል አድርጋችሁ ተቀመጡ። አራቱን ጥያቄዎች ጻፉ። ከዚያ ገንዘቡን በስድስት መስመር ክፈሉ። ሚስት ያልተስማማችበት መስመር ይሰረዝ። ድምሩ ከያዛችሁት ገንዘብ ከበለጠ ቅርብ ቦታ ምረጡ፤ ወይም ቀኑን ቀንሱ። ሐሙስ ትምህርት ስንገናኝ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ድምሩን አብረን እናርመዋለን።